ጠርዝና ጌጡ

ጠርዝ ጨርቅ የሚያልቅበት ቦታ ነው። በጨርቁ መካከል ድርና ማግ ተጠላልፈው አንዱ ሌላውን ይዞ ይኖራል፤ እያንዳንዱ ክር በሁሉም በኩል የሚደግፈው ጎረቤት አለው። ዳር ላይ ያለው ክር ግን በአንድ በኩል የሚይዘው የለም። ስለዚህ የጨርቅ ድካም የሚጀምረው ከዳር ነው። የሚተረተረው፣ የሚላላው፣ መሬት የሚነካው፣ በእጅ እየተያዘ ቶሎ የሚያድፈው ጠርዙ ነው። የልብስ ጌጥም በአብዛኛው የሚያርፈው እዚሁ ላይ ነው፤ በአንገት ዙሪያ፣ በእጅጌ ጫፍ፣ በቀሚስ ግርጌ፣ በነጠላ ዳር። ጨርቅ እጅግ የሚደክምበትና እጅግ የሚያምርበት ቦታ አንድ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የጠርዝ ጌጥ የተወለደው ከጥንቃቄ ነው፤ ዋጋውም የሚታወቀው ከዚያ ጥንቃቄ ጋር ባለው ዝምድና ነው።

ከሸማኔ እጅ የወጣ ጨርቅ አራት ጠርዝ አለው፤ አራቱ ግን እኩል አይደሉም። በቁመቱ ያሉት ሁለቱ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ሲልክ ማጉ ዳር ደርሶ ይመለሳል፤ በመመለሱም ጠርዙን ይዘጋል። በሁለቱ ጫፎች ያሉት ግን ድሩ ተቆርጦ የሚወርድባቸው ስለሆኑ ክሮቻቸው የተለቀቁ ናቸው። መቀስ ሲገባ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጠርዝ ይፈጠራል። መቀስ ድሩንም ማጉንም ስለሚቆርጥ፣ በተቆረጠው መሥመር ላይ ያሉት ክሮች ሁሉ የሚይዛቸው ያጣሉ። ነጠላና ጋቢ ሳይቆረጡ የሚለበሱ ስለሆኑ ችግራቸው በሁለት ጫፍ ብቻ ነው። በልክ ተቆርጦ የሚሰፋ ቀሚስ ግን በሄደበት ሁሉ ጠርዝ አለበት።

ይህን ድካም ለመጠበቅ የሰው እጅ ሦስት መንገድ አግኝቷል። የመጀመሪያው ማጠፍ ነው። ጠርዙ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ሌላ ጊዜ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ይቀመቀማል፤ የተቆረጠው ጫፍ በእጥፋቱ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። ሁለተኛው መዘምዘም ነው። መርፌው የጠርዙን ዳር እየዞረ ሲወጣና ሲገባ፣ ክሩ የተለቀቁትን ጫፎች አቅፎ ይይዛቸዋል። ሦስተኛው መቋጨት ነው፤ እዚህ ላይ ከውጭ የሚመጣ ክር አያስፈልግም፤ የጨርቁ የራሱ ክር ይበቃል።

ከሦስቱ መካከል ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው መቋጨት ነው። ከነጠላ ጫፍ የተረፈው ድር በትንንሽ ዘለላ ይከፈላል። ሁለት ዘለላዎች ለየብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ ጠብቀው ይከረራሉ። ከዚያም አንድ ላይ ተይዘው ሲለቀቁ በተቃራኒው አቅጣጫ እርስ በርስ ይጠመዘዛሉ፤ ጫፋቸውም ይቋጠራል። አንደኛው ዘለላ ክረቱን ሊፈታ ሲሞክር ሌላውን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ሁለት መፈታት የሚፈልጉ ነገሮች አንድ ላይ ሆነው የማይፈታ ነገር ይሆናሉ። በነጠላ ጫፍ ተሰልፎ የሚወርደው ዘርፍ ዓይን የሚስብ ጌጥ ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሸማው እንዳይተረተር የተበጀ መከላከያ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ጥቅም የት አልቆ ውበት የት እንደሚጀምር ለይቶ መሥመር ማስመር አይቻልም።

ይህ የጥቅምና የውበት አንድነት በጥንታዊ ጽሑፍም ይታያል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 ስለ ሊቀ ካህናቱ ስለ አሮን ልብስ የተሰጠው ትእዛዝ የቀሚሱን ሁለት ጠርዞች ለይቶ ያነሣል። በአንገቱ ቀዳዳ ዙሪያ እንዳይቀደድ የተሠራ ጥብቅ ጥልፍ እንዲኖር ያዛል፤ ምክንያቱ ከትእዛዙ ጋር አብሮ ተነግሯል። በታችኛው ዘርፍ ዙሪያ ደግሞ በሰማያዊ፣ በሐምራዊና በቀይ ክር የተሠሩ የሮማን ፍሬዎችና የወርቅ ሻኩራዎች ተራ በተራ ይደረደራሉ፤ ካህኑ ወደ መቅደስ ሲገባና ሲወጣ ድምፁ እንዲሰማ ነው። ላይኛው ጠርዝ ጨርቁን ይጠብቃል፤ ታችኛው የለባሹን መምጣት ይናገራል። ሁለቱም የጌጥ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ግን ያለ ምክንያት አልተሠሩም።

ጀርመናዊው የሥነ ሕንፃ ሊቅ ጎትፍሪድ ዜምፐር ከ1860 እስከ 1863 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ ባሳተመው ስለ ስልት በሚናገር ሥራው የመጀመሪያውን ቅጽ የሰጠው ለጨርቅ ጥበብ ነበር። ለእርሱ የጥበባት ሁሉ ሥር ያለው በማሰር፣ በመሸመንና በመስፋት ውስጥ ነው። ስፌትን ሲያብራራ ያነሣው ሐሳብ ለጠርዝም ይሠራል። ሁለት ቁራጭ መጋጠሙ የግድ ከሆነ ግጥሚያውን መደበቅ ዋና ነገር አይደለም፤ ግድ የሆነውን ነገር አምኖ ማሳየትና ማሳመር ነው። ጌጥ ከዚህ ሲነሣ ከችግር ጋር እርቅ ይሆናል። ጨርቅ ማለቁ አይቀርም፤ ጠርዙን የሚያስጌጥ እጅ ግን ማለቂያውን ተቀብሎ መልክ ይሰጠዋል።

ጌጠኛ ጠርዝ በሁለት ትልልቅ መንገዶች ይገኛል፤ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይሠራል፣ ወይም ለብቻው ተሠርቶ ይሰፋል። የመጀመሪያው ዋና ምሳሌ ጥለት ነው። ሸማኔው ወደ ሸማው ጫፍ ሲቃረብ ከነጩ ማግ ጋር ባለ ቀለም ማግ ያስገባል። ጥለቱ ቀላል መሥመር ከሆነ ቀለሙን መለዋወጥ ይበቃል። ጥበብ በሚባለው ውስብስብ ሥራ ግን ሸማኔው የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ አንሥቶ፣ ለእያንዳንዱ ቅርጽ የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ክር በየቦታው ያስገባል። አልማዝ፣ መስቀልና ጥርስ መሳይ ቅርጾች የሚወጡት ከዚህ ቆጠራ ነው። በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻና በዶርዜ አካባቢ የዳበረው ሽመና፣ በአዲስ አበባም በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሥር የሰደደው ሙያ በዚህ ሥራ ይታወቃል። ሳባና ወርቀ ዘቦ የተባሉት አብረቅራቂ ክሮች ከጥጡ ጎን ሲገቡ ጠርዙ ብርሃን ይይዛል። ጥበብ በሸማው ላይ የተለጠፈ ነገር አይደለም። ሸማው ሲሸመን እርሱም ተሸምኗል፤ ማጉ ቢመዘዝ ሥዕሉም አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው መንገድ ለብቻው ተሠርቶ የሚሰፋ ጠርዝ ነው፤ የቤት ውስጥ ስፌት ሰፊው ሜዳም ይህ ነው። ዳንቴል ከዚህ ወገን ነው። በኪሮሽ የሚሠራ ዳንቴል ከአንድ ክር የሚወጣ ነው፤ ክሩ ቀለበት ይሆናል፣ ቀለበቱ ሌላ ቀለበት ያሳልፋል፤ በዚህ ሰንሰለት ላይ ዓምዶችና ክፍተቶች ይደረደራሉ። ዳንቴልን ዳንቴል የሚያደርገው ክሩ ብቻ አይደለም፤ በክሩ መካከል ሆን ተብሎ የተተወው ባዶ ቦታም ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች በአልጋ ልብስ፣ በትራስ፣ በጠረጴዛና በሶፋ ጨርቅ ዙሪያ የሚታየው ነጭ ዳንቴል የስንት ሴቶች የምሽት ሥራ ነው።

ዳንቴል ራሱ ከጠርዝ የተነሣ ጥበብ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጣሊያን፣ በተለይም በቬኒስ፣ ጠላፊዎች ከነጭ በፍታ ላይ ክሮችን እየመዘዙና እየቆረጡ ክፍተቱን በመርፌ ይሞሉ ነበር። የሚመዘዘው ክር እየበዛ፣ የሚቀረው ጨርቅ እያነሰ ሄደ፤ በመጨረሻም መርፌዋ ያለ ምንም ጨርቅ በክር ብቻ መሥራት ቻለች። ቬኒሳውያን ይህን ሥራ በአየር ላይ የተሰፋ አሉት። ጨርቅን ለመጠበቅ የተጀመረው ሥራ ጨርቁን ትቶ ራሱን ችሎ ቆመ። ዋጋውም ሰማይ ነካ፤ በፈረንሳይ የሉዊ 14ኛው ሚኒስትር ኮልቤር ለቬኒስ ዳንቴል የሚፈስሰውን ገንዘብ ለማስቀረት በ1665 እ.ኤ.አ. የንጉሡን የዳንቴል ማምረቻዎች አቋቋመ። በአየርላንድ ደግሞ ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነበረው ታላቅ ረኀብ ጊዜ የኪሮሽ ዳንቴል ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ምንጭ ሆነ። የቤተ መንግሥት ቅንጦት የነበረው ጠርዝ በድሃ ቤት ሕይወት አተረፈ።

ለብቻው የተሠራ ጠርዝ ከጨርቁ ጋር ሲገናኝ ሁለት የተለያዩ ጠባዮች ይገናኛሉ፤ የማያያዝ ሙያም ሁለቱን ማስታረቅ ነው። መጀመሪያ ሁለቱም መታጠብ አለባቸው። የጥጥ ጨርቅና የጥጥ ዳንቴል ሲታጠቡ ይሰበሰባሉ፤ የሚሰበሰቡት ግን እኩል አይደለም። ሳይታጠቡ የተሰፉ እንደሆነ በመጀመሪያው እጥበት አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል፤ ዳሩም ይኮማተራል። ከዚያ መለካት ይከተላል። ጌጡ ሳይሳብና ሳይለቀቅ በጨርቁ ላይ ይተኛል፤ በስፒል ተይዞም በሰፋፊ ስፌት ይወሰወሳል። ሥራው የሚጀመረውና የሚጨረሰው ዓይን በማያርፍበት ቦታ፣ ለምሳሌ በጎን ስፌት አጠገብ ነው። ስፌቱ ትንንሽ ይሆናል፤ ክሩም በጣም አይሳብም። ቀጥ ባለ ጠርዝ ላይ ይህ ይበቃል።

ክብና ማዕዘን ሲመጣ ግን ሥራው ሒሳብ ይሆናል። በክብ ጨርቅ ዙሪያ 3 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ዳንቴል ሲሰፋ፣ የዳንቴሉ ውጫዊ ዳር ከውስጠኛው ዳር ወደ 19 ሳንቲሜትር ያህል ይረዝማል። የሚያስደንቀው ይህ ልዩነት በጨርቁ ትልቅነት አለመለወጡ ነው፤ ለስኒ ማስቀመጫም ለትልቅ ጠረጴዛ ልብስም ያው 19 ሳንቲሜትር ነው። ትልቁ ጨርቅ ልዩነቱን በረጅም ዙሪያው ላይ ስለሚያከፋፍለው አይታወቅም፤ ትንሹ ግን በጥቂት ቦታ ሊሸከመው ስለሚገባ ዳንቴሉ ወደ ላይ ይታጠፋል። ስለዚህ ትንሽ ክብ የሚያስጌጥ ሰው የዳንቴሉን ውስጠኛ ዳር ሰብሰብ ማድረግ አለበት። ሽንሽን የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነው፤ ለስስ ሽንሽን የጠርዙን ርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል፣ ጠቅጠቅ ላለው ደግሞ ሁለት እጥፍ የሚሆን ጨርቅ ይወሰዳል። በማዕዘን ላይ የሚሰፋ ጥብጣብ ደግሞ በ45 ዲግሪ ይታጠፍና ሁለቱ ክንዶች በሰያፍ መሥመር ይገናኛሉ።

በሰያፍ የተቆረጠ ጥብጣብ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ስለ ጨርቅ ጠባይ ያስተምራል። የተሸመነ ጨርቅ በድሩም በማጉም አቅጣጫ ሲሳብ ብዙም አይለጠጥም፤ ክሩ ራሱ ይመክታል። በሁለቱ መካከል፣ በ45 ዲግሪ ሲሳብ ግን በክሮቹ መካከል ያሉት ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ወደ አልማዝ ቅርጽ ይዘምማሉ፤ ጨርቁም ይለጠጣል። ለአንገትና ለብብት ዙሪያ የሚሆን ጥብጣብ በሰያፍ የሚቆረጠው ለዚህ ነው። 1 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ድርብ ጠርዝ ለማግኘት 4 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ይበቃል፤ ታጥፎ አራት ድርብ ይሆናልና። ያው ጨርቅ፣ ያው ክር፣ አቆራረጡ ብቻ ስለ ተለወጠ ግትር የነበረው እሺ ባይ ይሆናል።

ጠርዝ እንዲህ ተጠብቆና ተጊጦ ሲያበቃ ሌላ አገልግሎት ይጀምራል፤ ስለ ለባሹ ይናገራል። በኢትዮጵያ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የነገሥታትና የመኳንንት ልብስ ነበር፤ የማዕረጉ ምልክት ያረፈው በሸማው ሙሉ ስፋት ላይ ሳይሆን በጥለቱ ላይ ነው። ነጠላ በአዘቦት ሲለበስ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ሐዘን ሲገባ ነጠላው ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ይሆናል፤ ያየ ሁሉ ሳይጠይቅ ያውቃል። ልብሱ ያው ልብስ ነው፤ የተለወጠው የጠርዙ ቦታ ብቻ ነው፤ የቤተሰቡ ሐዘን ግን በእርሱ ተነግሯል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 15 እስራኤላውያን በልብሳቸው ጫፍ ዘርፍ እንዲያደርጉ፣ በዘርፉም ላይ ሰማያዊ ፈትል እንዲያኖሩ የታዘዙት ትእዛዛቱን እያዩ እንዲያስታውሱ ነበር። ዳዊት በዋሻ ውስጥ የሳኦልን ልብስ ዘርፍ በስውር ቆርጦ ከወሰደ በኋላ ልቡ የመታው፣ የሰው ጠርዝ የሰውየው ክብር ስለ ነበረ ነው። ደም ይፈስሳት የነበረች ሴትም የነካችው የክርስቶስን ልብስ ጫፍ ነው። ጠርዝ ሰው ከሰው፣ ቤት ከአደባባይ የሚገናኙበት ድንበር ስለሆነ ሊነገር የሚገባው ነገር እዚያ ይጻፋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጌጥን የሚከስሱ አሳቢዎች አሉ፤ ክሳቸውም ቀላል አይደለም። አማኑኤል ካንት በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የፍርድ ኃይል ሒስ ላይ የሥዕል ክፈፎችን፣ የሐውልት ልብሶችንና በሕንፃ ዙሪያ የሚቆሙ ዓምዶችን ከሥራው ውጭ የተጨመሩ ነገሮች ይላቸዋል። ተጨማሪው በቅርጹ ውብ ከሆነ ሥራውን ያግዛል፤ በሚያብለጨልጭ ወርቅ ዓይንን ለመማረክ ብቻ የተደረገ እንደሆነ ግን እውነተኛውን ውበት ይጎዳል። የቪየናው የሥነ ሕንፃ ሰው አዶልፍ ሎስ ደግሞ በ1910 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጌጥንና ወንጀልን ባገናኘበት ንግግሩ ከዚህ አልፎ ሄደ። ለሎስ ጌጥ የባከነ ጉልበት ነው። ያጌጠ ዕቃ ሳያረጅ ከፋሽን ይወጣል፤ ጌጡን የሠራው ድሃ ግን የድካሙን ዋጋ አያገኝም።

የካንት ክስ የጠርዝን ጌጥ በግማሽ ብቻ ይነካል። ክፈፍ ከሥዕሉ ቢነሣ ሥዕሉ ይቀራል፤ የነጠላ ዘርፍ ቢፈታ ግን ሸማው ራሱ መተርተር ይጀምራል። በዚህ ጠርዝ ላይ ጌጡ ከሥራው ውጭ ነው ማለት አይቻልም፤ ሥራው ሥራ ሆኖ እንዲቆይ ያደረገው እርሱ ነውና። ካንት የወቀሰው አጓጉል ብልጭልጭታ ግን በእርግጥ አለ። የተጣመመ ስፌት ለመሸፈን የተለጠፈ ወርቃማ ጥብጣብ፣ ያልተዘመዘመ ጠርዝ ላይ የተጣበቀ ዳንቴል ውበት ሳይሆን ማታለያ ነው። ድካምን ከመጠበቅ ይልቅ ድካምን ይደብቃል።

የሎስ ክስ ይበልጥ ይከብዳል፤ ስለ ሠራተኛው ጉልበት ስለሚናገር። ነገር ግን ሎስ ራሱ በዚያው ንግግር ለጫማ ሰፊውና ለስሎቫክ ገበሬ ሴት ጌጣቸውን ይፈቅድላቸዋል፤ ለእነርሱ ሥራው ደስታቸው እንደሆነ ያምናል። በዚህ ፈቃድ ውስጥ ክሱን የሚያስተካክል እውነት አለ፤ ጌጥን ብክነት የሚያደርገው የፈሰሰበት ጊዜ አይደለም፤ የሠሪው ደስታና ዋጋ አለመከበሩ ነው። ብክነቱ ያለው በዳንቴሉ ውስጥ ሳይሆን ዳንቴሉን በርካሽ በሚገዛው እጅ ውስጥ ነው።

መኪናም ይህን ጥያቄ አላስቀረም፤ ይበልጥ አከበደው እንጂ። እንግሊዛዊው ጆን ሂትኮት በ1809 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስጠበቀበት የዳንቴል መረብ መኪና ለወራት የሚደከምበትን ሥራ አፋጠነ፤ በ1816 እ.ኤ.አ. ደግሞ በላፍቦሮው ፋብሪካው ያሉት መኪናዎች ሉዳውያን በተባሉ መኪና ተቃዋሚዎች ተሰባበሩ። ዛሬም በገበያ ላይ የጥበብ መልክ በቀለም የታተመበት ጨርቅ ከእጅ ጥበብ ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። የሁለቱ ልዩነት በዋጋ ብቻ አይደለም። የታተመው ጥበብ በጨርቁ ፊት ላይ ያረፈ ቀለም ነው፤ ጨርቁ ቢገለበጥ ሥዕሉ ይደበዝዛል፣ ጠርዙም እንደ ማንኛውም ጠርዝ ይተረተራል። የተሸመነው ግን የጨርቁ አካል ነው። አቅም ለሌለው ሰው የታተመው ልብስ የበዓል ደስታ ይሰጣል፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። ሊነቀፍ የሚገባው የታተመውን የተሸመነ አስመስሎ መሸጥ ነው።

እንግዲህ የጠርዝ ጌጥ መመዘኛ ሦስት ጥያቄ ነው። ጌጡ ቢነሣ ጨርቁ የሚጎድለው ነገር አለን? በጌጡ ሥር ያለው ስፌት ቢገለጥ ሳያሳፍር ይታያልን? የሠራው ሰው ለድካሙ የሚገባውን አግኝቷልን? ሦስቱን በአዎንታ የሚመልስ ጠርዝ ጌጥ መባሉ ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም። አንዱን ያጣ ጠርዝ ምንም ቢያብረቀርቅ ጎዶሎ ነው። ስለዚህ በቤቱ የሚሰፋ ሰው ከጌጡ በፊት ጠርዙን በሚገባ ይዘምዝም፤ ልብስ የሚገዛም ሰው ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ገልብጦ ዳሩን ይመልከት። ጥለቱን ለሸመነው፣ ዳንቴሉን ለሠራችው፣ ዘርፉን ለቋጨችው የሚከፈለው ዋጋም ከልብሱ ዋጋ ላይ የሚቀነስ ትርፍ ሳይሆን የልብሱ ግማሽ ዕድሜ መሆኑን ይወቅ።